ክለቡን ለአንድ ክረምት ቢሰጡህ ምን ታደርጋለህ?

በዚህ እትም ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ጥያቄዎች በዙ። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ሁላችንም አሰልጣኝ፣ ሁላችንም ሥራ አስኪያጅ ነን። አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ የእነሱን ፉትቦል እያስለመደኝ ነው። ሚያዝያ ላይ «ድራፍት» የሚሉትን በቀጥታ አሳየኝ። መጨረሻ የወጣው ቡድን ጎበዙን ልጅ ቀድሞ ይመርጣል። ይሄ እኛ ጋ ቢመጣ ደሴ ከተማም ወሎ ኮምቦልቻም ልጆቻቸውን በትልልቅ ክለቦች አይነጠቁም ነበር። ለምን አናመጣውም? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ቁጭትህ ይገባኛል። ኮምቦልቻ ላይ ድራፍት ሲባል ቀድሞ ቢራው ትዝ ስለሚል ለሌላው አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት የአሜሪካው ፉትቦል ሊግ 32 ክለቦች አሉት። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ተጫዋቾች በሰባት ዙር ይመርጣሉ። በውጤት መጨረሻ የሆነው ክለብ ቀድሞ ተጫዋች ይጠራል፣ ዋንጫ የበላው መጨረሻ። የተጠራው ልጅ መደራደር የሚችለው ከጠራው ክለብ ጋር ብቻ ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሆን ሐሳቡን ያቀረበው የፊላደልፊያው ኢግልስ ባለቤት በርት ቤል ነበር። ለምን አትለኝም? ክለቡ ተሸናፊ ስለነበር ጥሩ ተጫዋች እሺ አይለውም ነበራ! ደግሞ የዚያን ዓመት አንደኛ ሆኖ የተጠራው ጄይ በርዋንገር በደሞዝ ሳይስማማ ቀርቶ በሊጉ አንድ ጨዋታ እንኳን አልተጫወተም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። እዚያ መጨረሻ የወጣ ቡድን አይወርድም፣ በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ሊግ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ መምረጡ ይጠቅመዋል። እኛ ጋ መጨረሻ የወጣ ይወርዳል። ወልድያ በ2010 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ሲወርድ ና ቀድመህ ምረጥ ያለው የለም። ደመወዝም አለ። አሜሪካኖቹ ለእያንዳንዱ ክለብ ጣሪያ አበጅተዋል፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ጣሪያው 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ሀብታሙም ድሃውም ከዚያ አያልፍም። እኛም በ2011 ዓ.ም. ክረምት የአንድ ተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተባብለን ነበር። ከዚያ በኋላ በጠረጴዛ ሥር ስንት እንዳለፈ የሚያውቁት ሰጪና ተቀባይ ናቸው።

ዋናው ግን ልጁን ማን አሳደገው የሚለው ነው። እዚያ ተጫዋቹን የሚያሳድገው ዩኒቨርሲቲው ነው፣ ክለቡ ለማሳደጊያ አንድ ሳንቲም አላወጣም፤ ልጁም ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሰ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ለምርጫ አይቀርብም። እኛ ጋ የሚያሳድገው የሰፈሩ ቡድንና የክለቡ ተስፋ ቡድን ነው። ድራፍት ቢመጣ ኮምቦልቻ ከታዳጊነቱ ጀምሮ ያበላውንና ጫማ የገዛለትን ልጅ ሌላ ክለብ ተራው ስለደረሰ ብቻ በነጻ ይጠራዋል። አየኸው? ያድነናል ያልከው ነገር ራሱ ይነጥቀን ነበር። አሁን ባለው ሥርዓት ቢያንስ ውል ካለህ ዋጋ ትጠይቃለህ።

ከእነሱ የምሰርቀው ሌላ ነገር ነው፤ ልጅ አጥብቆ ማየትን። ለዚያም ቢሆን ይሳሳታሉ። ቶም ብሬዲ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጠራው በ199ኛ ተራ ነው። ብሮክ ፐርዲ በ2022 የመጨረሻው፣ 262ኛው ነበር፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቡድኑን እየመራ ለዋንጫው ጨዋታ ደረሰ። ኩርት ዋርነርን ጭራሽ የጠራው የለም፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃ ይደረድር የነበረ ሰው ነው የሊጉ ኮከብ የሆነው። ያን ሁሉ ገንዘብና መልማይ ይዘው ካመለጣቸው፣ አንዴ አይቶ «ይሄ አይሆንም» የሚል የእኛ ሰው ስንቱን እንደሚያሳልፍ አስበው።

ጥያቄ፦ እሺ ክለቡን ለአንተ ሰጡህ እንበል። በጀቱ የከፍተኛ ሊግ በጀት ነው፣ ተአምር የለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ምን ትሠራለህ? ማንን ታስፈርማለህ? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ «ማንን ታስፈርማለህ» የሚለው ጥያቄ ነው ክለቦቻችንን የሚያከስራቸው። እኔ የምጀምረው ማን ይሄዳል ከሚለው ነው።

አንድ ሉህ ወረቀት ላይ የሁሉንም ስም፣ ዕድሜ፣ የሚጫወትበትን ቦታ፣ ዓመቱን ሙሉ የተሰለፈባቸውን ደቂቃዎችና ውሉ የሚያልቅበትን ቀን እጽፋለሁ። ይሄ ቀላል ይመስላል። ግን በፊፋ ደንብ ውሉ ስድስት ወር የቀረው ተጫዋች ከሌላ ክለብ ጋር ተነጋግሮ መፈረም ይችላል። ስለዚህ ሐምሌ ላይ «ልጃችን ከዳን» ብሎ መጮህ ዋጋ የለውም። አልከዳም፤ ጥር ላይ ማንም ስላላናገረው ሄደ እንጂ።

ቀጥሎ አሰልጣኝ። ቀጥሎ ነው ያልኩት፣ ከተጫዋች በፊት! ሐምሌ ላይ አስር ተጫዋች አስፈርሞ ነሐሴ ላይ አሰልጣኝ የሚቀጥር ክለብ አሰልጣኙን የሰው ልብስ እያለበሰው ነው። ያሰልጣኙ አጨዋወት ፈጣን የመስመር ተጫዋች ይፈልጋል፣ ያለው ግን ኳስ ይዞ የሚቆም አማካይ ነው፣ እና ስድስተኛው ሳምንት ላይ አሰልጣኙ ይባረራል።

ሦስተኛ ነገር ግዢ። ቢበዛ አምስት ሰው። ግብ ጠባቂና አንድ የመሃል ተከላካይ ላይ ገንዘቤን አወጣለሁ፣ እነዚህ ሁለቱ ሲሳሳቱ የሚያርምላቸው ስለሌለ። አንድ ከ19 እስከ 23 ዓመት ያለው፣ ትልቅ ክለብ ውስጥ ወንበር ያሞቀ አጥቂ በውሰት አመጣለሁ። ስሙም እግሩም የከበደ፣ ለፊርማ ክፍያ ብቻ ብሎ የሚመጣ ሰው አልፈልግም፤ የመልበሻ ክፍሉን ደመወዝ ያዛባል፣ ልጆቹም ያውቁታል። የቀረውን ቦታ ከተስፋ ቡድኑና ከሰፈር እሞላለሁ።

ሙከራ የሚባለውን ግን እንዳሁኑ አላደርገውም። አሁን እንዴት ነው? ልጁ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ሃያ ሁለት ሃያ ሁለት ሆኖ ይከፈላል፣ ትንሽ ይጫወታሉ፣ አሰልጣኙ ጣቱን ይቀስራል፤ አንተ፣ አንተ፣ ያ ረጅሙ። ኳስ ያልደረሰው ሳይታይ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ለአንድ ልጅ አንድ ሰው መድቤ ኳሱን ትቶ ልጁን ብቻ እንዲያይ አደርጋለሁ። ኳሱ በግራ መስመር እየሄደ የቀኙ ተከላካይ ምን ይሠራል? ቆሞ ያያል ወይስ ወደ መሃል ተጠግቶ፣ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ከጀርባው ማን እንዳለ ያጣራል? ይሄንን ያለ ኳስ የሚያደርግ የ17 ዓመት ልጅ ካገኘሁ ቅልጥፍናውን ቀስ ብዬ አስተካክላለሁ። አሜሪካኖቹ ከድራፍቱ በፊት ልጆቹን ኢንዲያናፖሊስ ሰብስበው 36.6 ሜትር ያስሮጧቸዋል፣ ሰዓቱም በቴሌቪዥን ይታያል። እኛም ሰዓት እንያዝ፣ አልጠላም፤ ግን ሩጫ ብቻ ከሆነ ልጁን ለአትሌቲክስ ብንሰጠው ይሻላል።

ዝግጅቱ ላይ ነው ግን ወሎ ማንም የሌለው ነገር ያላት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመሃላቸው የሐረጎ ጠመዝማዛ ነው፣ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 2,500 ሜትር ላይ እየኖሩ 1,250 ሜትር ወርደው የሠለጠኑ ሯጮች ከሌሎቹ የበለጠ ሰዓታቸውን እንዳሻሻሉ አሳይቷል፤ በዓለም ዙሪያ ለዚህ ሲባል ገንዘብ ከፍለው ተራራ የሚወጡ ቡድኖች አሉ። የእኛ ልጆች ደጋ ተወልደው ስላደጉ ያን ያህል ጥቅም አይጠበቅም፣ ደማቸው ድሮም ለምዶታል። እኔን የሚያጓጓኝ ሌላው ግማሽ ነው፤ ወደ ሙቀቱ መውረዱ። ውድድሮቹ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ክለቦቹ በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ ነው የሚካሄዱት። የደሴው ሆጤ ሜዳ ላይ እንግዳ ቡድን በየሁለት ሳምንቱ እየጠራህ በደጋ አየር የምታደክምበት ጊዜ አልፏል። ድሬዳዋ ላይ ቀትር ላይ ብትመደብ የደሴ ልጅ በሰባኛው ደቂቃ ወገቡን ይዞ ይቆማል። ስለዚህ እረፍት ከሦስት እስከ አራት ሳምንት፣ ከዚያ ስድስት ሳምንት ዝግጅት፤ ጠንካራው ልምምድ ኮምቦልቻ ላይ፣ የወዳጅነት ጨዋታው ደግሞ ከሚሴ ወርዶ በጠራራ ፀሐይ። ነሐሴ ላይ የደሴ ሜዳ ጭቃ ስለሚሆን እግር ከመስበርም ይተርፋሉ። ነዳጁ ያሳስባል፣ አውቃለሁ። አንድ ስሙ የከበደ ተጫዋች ባለማስፈረም የክረምቱ ነዳጅ ይሸፈናል ብዬ እገምታለሁ።

የቆመ ኳስም አለ። ማዕዘን ምትና ቅጣት ምት ላይ በሳምንት ሁለት ቀን መሥራት ገንዘብ አይጠይቅም፣ ግን ማንም አይሠራውም።

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ኳስ ይችላል ይላሉ። አንድ ሰው «ውጭ አገር ሙከራ አስወስደዋለሁ» ብሎ ለወጪ ገንዘብ ጠየቀኝ። በሬዬን ልሽጥ? (አንዲት እናት፣ ከደሴ ዙሪያ)

መልስ፦ እትዬ፣ በሬዎን አይሽጡ። በፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር አይዛወርም፣ ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም የእርስዎን ጉዳይ አይመስሉም። የተጫዋች ወኪል የሚሆን ሰው የፊፋ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ስሙም በፊፋ ድረ ገጽ ላይ ተፈልጎ ይገኛል። እናት ወይም አባት በጽሑፍ ሳይፈቅዱ ከልጁ ጋር መደራደር አይችልም። ደግሞ ወኪል የሚኖረው ተጫዋቹ ከሚያገኘው ላይ በሚቆረጥ ድርሻ ነው፤ ከእናት እጅ አስቀድሞ የሚቀበል ሰው ሥራው ሌላ ነው። ስሙንና የፈቃድ ቁጥሩን ይጠይቁት። ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳቱን ካቆመ ተገላገሉ ማለት ነው።

ልጁን በአንድ ክለብ ታዳጊ ቡድን ውስጥ በትክክለኛ ዕድሜው ያስመዝግቡት። ዕድሜውን ቀንሱለት የሚል ካለ እሱንም ያሰናብቱ። ነገ ውጭ ቢሸጥ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ላሳደጉት ክለቦች ገንዘብ የሚመጣው በምዝገባው ነው። ውል ካቀረቡለት ደግሞ 18 ሳይሞላው ከሦስት ዓመት በላይ እንዳይፈርም፣ ደንቡም አይፈቅድም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሰፈር ውድድር ልናዘጋጅ ነው፣ ስምንት ቡድን። ባለፈው አንዱ ሰፈር ጎበዙን ሁሉ ሰብስቦ ዋንጫውን በላ። ድራፍቱን እዚህ ብንሞክረውስ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እዚህ ይሠራል! መውረድ የለም፣ ደመወዝ የለም፣ ያሳደገ ክለብ የለም። ድሮስ ሁለት አለቃ ቆሞ ተራ በተራ ሲመርጥ አይደል ያደግነው? ስምንቱ አለቆች ዕጣ ያውጡ። በመጀመሪያው ዙር ከአንድ እስከ ስምንት ይጥሩ፣ በሁለተኛው ይገልበጡት፤ ስምንተኛው ጠርቶ ሳይቀመጥ ድጋሚ ይጥራ፣ አንደኛው መጨረሻ ይሁን። ሦስተኛው ዙር ደግሞ እንደ መጀመሪያው። ያለዚያ ዕጣ የወጣለት ሰው ሁሉንም ዙር እየቀደመ ያው ወደ ባለፈው ትመለሳላችሁ። ለአንድ ጥሪ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፣ ካለፈው ተራው ይለፈው። ግብ ጠባቂዎችን ለብቻ በዕጣ አከፋፍሉ፣ ስምንት ደህና ግብ ጠባቂ አንድ ሰፈር ውስጥ ስለማይገኝ። አለቃውን ግን ጎበዝ ተጫዋች አታድርጉት፤ ጓደኞቹን ነው የሚጠራው።