ኢንዛይሙን በቆዳው ፈትኑት

አንድ የባዮቴክኖሎጂ ተማሪ በቀደም እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ኮምፒውተር ፕሮቲን የሚነድፍ ከሆነ እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያ ስንዘራ ለምን እንከርማለን?» የሚገባ ጥያቄ ነው። በ2024 ዴቪድ ቤከር የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመው ለዚሁ ሥራ ነው። እኔን ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ቆዳ ፋብሪካ ጠጉር የሚያስለቅቀው በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ነው። ፍሳሹ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ሰው የሚገድል ጋዝ ይወጣዋል። ይህን በኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካዊ ሥራን በሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ልንተካ ተነሳን። ከአቢጃታና ከሻላ ሐይቆች ዳር ባክቴሪያ ለየን። ውሃቸው እንደ ኖራ አልካላይ (ፒኤች 10 ገደማ) ስለሆነ ኖራን የሚችል ኢንዛይም እዚያ መፈለጋችን ልክ ነበር። ወተት የገባበት አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ጄሊ) ላይ ዘራናቸው። የወተቱን ፕሮቲን የሚቆርጠው ባክቴሪያ በዙሪያው ጥርት ያለ ክብ ያወጣል። ትልቁን ክብ ያወጣውን መረጥን።

ፋብሪካ ወስደን በበግ ቆዳ ሞከርነው። ጠጉሩ ሳብ ሲያደርጉት እንደ እርጥብ ሣር ለቀቀ። ደስታችን ወሰን አጣ። ቆዳው ከለፋ በኋላ ግን አንድ አንጋፋ ሠራተኛ የቆዳውን ፊት በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ምንም ሳይናገር ዘረጋልን። ተቦርቡሯል። ኢንዛይሙ የጠጉሩን ሥር አላቅቆ የቆዳውን ዋና ፕሮቲን፣ ኮላጅኑንም በልቶታል። የደጋ በግ ቆዳ የሚፈለገው ለጓንት ነው፤ ፊቱ ከተበላሸ ማን ይገዛዋል? ፋብሪካው በዚያው በቃኝ አለ።

መክሸፉ አይደለም የሚቆጨኝ። ሁለተኛ ዙር አለመኖሩ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፍራንሲስ አርኖልድ ከባልደረባዋ ጋር በ1993 ያሳየችው ይህንኑ ነው። ሰብቲሊሲን የተባለውን ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ዘረመል በዘፈቀደ ለወጡ፣ የተሻለውን መረጡ፣ እሱኑ መልሰው ለወጡ። መጨረሻ ላይ ኢንዛይም የሚያዳክም ሟሟ፣ 60 በመቶ ዲሜቲልፎርማሚድ ውስጥ ከመነሻው 256 እጥፍ የሚሠራ ኢንዛይም ወጣ። እሷም በ2018 ኖቤል አገኘች። የእኛ ባክቴሪያ ፍሪዘር ውስጥ ቀረ።

የዘንድሮ ልጆች ግራፍ ትወዳላችሁ፣ እርጥብ ቆዳ መንካት ትጸየፋላችሁ። ይሄ ያናድደኛል። ግን ያኔ የእናንተ ኮምፒውተር ቢኖረኝ ሌሊቱን ሙሉ ከፊቱ አልነሳም ነበር። ተጠቀሙበት። የቱን አሚኖ አሲድ መለወጥ እንደሚያዋጣ ይጠቁማችኋል። ቆዳው የሚዘፈዘፍበት ድራም ውስጥ ያለውን ጨው፣ ስብና ቆሻሻ ግን እናንተ ካልነገራችሁት አያውቀውም።

እንግዲህ ሁለት ፔትሪ ዲሽ አዘጋጁ፤ አንዱ ወተት፣ ሌላው ኮላጅን ያለበት። ወተቱ ላይ ክብ አውጥቶ ኮላጅኑን የማይነካውን ምረጡ። ከዚያ ቄራ ሄዳችሁ ቁራጭ ቆዳ ለምኑና እላዩ ላይ ሞክሩት።