ጅቡቲን በሐምሌ? ተዪው እህቴ

«ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ሐምሌ ላይ ጅቡቲ ወስጄ ባሕር ላሳያቸው ወይስ ለገና ላቆየው?» ብለሽ ለጠየቅሽው ነው። እኔ በሁለቱም ወቅት ሄጃለሁ። ለገና አቆዪው።

መጀመሪያ የሄድኩት ለሥራ፣ ሐምሌ ላይ ነበር። አዲስ አበባን በዝናብ፣ ጃኬት ደርቤ ለቀቅኩ። የምጣድ አክንባሎ ሲነሳ ፊት ላይ የሚመጣውን ወላፈን ታውቂዋለሽ አይደል? ከመኪና ስወርድ የተቀበለኝ እሱ ነው። ልዩነቱ የምጣዱ ያልፋል፣ የጅቡቲው አያልፍም። በዚያ ወቅት ሐምሲን የሚሉት ከበረሃ የሚመጣ ነፋስ አለ፤ አሸዋውን እያነሳ ዓይን ውስጥ ይሞጅራል። ቀን ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ሌሊቱም ከ30 እምብዛም አይወርድም። ያረፍኩበት ሆቴል በሁለተኛው ቀን ኤሲው ተበላሸ። ሻወር ልግባ ብዬ የቀዝቃዛውን ቧንቧ ከፈትኩ። ሮቶው ጣራ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ነው፣ ለሻይ የሚሆን ውሃ ወረደብኝ። ባሕሩም ቢሆን አያቀዘቅዝሽም፣ ለብ ያለ ነው።

የኛ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ለኛ ክረምት የእረፍት ጊዜ ስለሆነ ለባሕር ጉዞም የሚመች ይመስለናል። ጅቡቲ ግን አቅም ያለው ነዋሪ ራሱ በዚያን ጊዜ ወደ ደጋ ይወጣል፤ እኛ አገር የሚመጣም አለ። እሱ ሲሸሽ እኛ እንገባለን! ግንቦትና መስከረምም ቢሆን አይሻሉም። ነፋሱ ይቀንሳል፣ ወበቁ ግን ሸሚዝ ያስጨምቃል።

ሁለተኛው ጉዞዬ ታኅሣሥ ላይ፣ ከቤተሰብ ጋር ነበር። ሌላ አገር በይው። ቀኑ 28፣ 29 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማታ ማታ በእኛው ንጉሥ ስም ፕላስ ሜኔሊክ የሚሉት አደባባይ ወጥተን በእግር ተንሸራሸርን። ሐምሌ ላይ ይህን ማሰብም አይቻልም። ደግሞ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ድረስ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ አርታ አካባቢ ይመጣል። ሻርክ ሲባል አትደንግጪ፣ ምግቡ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነፍሳት ናቸው፣ ሰው አይነካም። በጀልባ ሄደን ጎኑ ዋኘን። ጀርባው ላይ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦች ከውሃው በታች እንደ ጥልፍ ይታያሉ። ታናሿ ልጄ እስከ ዛሬ እሱን ነው የምትስለው። አሳል ሐይቅንም በዚሁ ወቅት እዩት። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ስለሆነ ሙቀቱ ከከተማውም ይብሳል፣ በበጋችን ግን ይቻላል።

ለገና ካልሞላልሽ ጥር መጨረሻ ላይ ያለው የሴሚስተር እረፍትም ጥሩ ነው። የረመዳንን ቀን ብቻ አስቀድመሽ እዪ። በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ ሰሞኑን የካቲት አካባቢ ላይ ነው፤ በጾሙ ቀን ላይ ለልጆች ምሳ መፈለግ ያደክማል። ዝናብ ብዙ አያሳስብም፣ ሲመጣ ግን አይጣል ነው። በ2012 ህዳር ላይ ከተማዋን ጎርፍ አጥለቅልቋት ነበር።

ኑሮው ውድ ነው፣ በብር አታስቢው። አንድ ዶላር 177 ፍራንክ አካባቢ ነው፣ ብዙም አይዋዥቅም። የየመኖቹን ዓሣ ሳትበሉ እንዳትመለሱ፦ ለሁለት ተሰንጥቆ በእሳት ምድጃ ይጠበስና ከሰፊ ትኩስ ቂጣ ጋር ይቀርባል። ሱቅ ግን በጠዋት ጨርሺ። ቀትር ላይ ጫት ከእኛ አገር ሲገባ ከተማው ጸጥ ይላል፣ ብዙ ሱቅም እስከ አስር ሰዓት ድረስ ይዘጋል። በባቡር ከሆነ የምትሄጂው፣ ናጋድ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ስለሚል የታክሲ ያዢ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር፣ ለልጆቹ ስስ ሹራብ ያዢ። ከዌል ሻርኩ ስንመለስ እርጥብ እንደሆንን ጀልባዋ ስትበር ነፋሱ ጥርሳችንን አንቀጫቀጨው። ጅቡቲ በረደን ብዬ ቤት ስናገር እስከ ዛሬ የሚያምነኝ የለም።