እብኖዲ ከየት መጣ? የሁዳዴ ጥያቄዎቻችሁ

ሁዳዴ ሲገባ ጥያቄ ይበዛብኛል። ዘንድሮ ብዙዎቹ የመጡት ከግብጾች ጋር አብረው ከሚያስቀድሱ አንባቢዎች ነው። ጥቂቶቹን እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ኩዌት ሰው ቤት ነው የምሠራው። እረፍቴ አርብ ስለሆነ ግብጾቹ ጋ አስቀድሳለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ዜማቸው ቀዝቀዝ አለ፤ ያ የሚያጋጩት ናስም ድምፁ ጠፋ። አንድ እሑድ ተፈቅዶልኝ ብሄድ ናሱም ተመልሷል፣ ዜማውም ሌላ ነው። ግራ ገባኝ።»

እህቴ፣ የተለያየው ቀኑ ነው። በግብጾች ሥርዓት ሁዳዴ ሁለት ዓይነት ዜማ አለው፤ አንዱ ከሰኞ እስከ አርብ፣ ሌላው ለቅዳሜና እሑድ። በአዘቦት ቀን ናሱና ሦስት ማዕዘኗ ብረት ያርፋሉ። ጠዋት ትንቢተ ነቢያት ይነበባል። ካህኑ በግሪክኛ «ክሊኖሜን ታ ጎናታ» ይላል፤ ጉልበታችንን እናንበርክክ ማለት ነው። ያኔ ሕዝቡ ይሰግዳል። ለዕጣን የሚዜመው እንኳ ይለወጣል። በሰንበት «ይህ የወርቅ ጥና» ይሉና በአዘቦት ወደ «ጥናው አንቺ ነሽ» ይዞራሉ። ይህን ሁለተኛውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ የእሑድ ውዳሴ ማርያም ላይ ያለው «አንቲ ውእቱ ማዕጠንት ዘወርቅ» ነው።

ሰንበት የሚለየው ለምንድን ነው? ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጂ ከእህል ውሃ አይጾምም፣ አይሰገድምም። በእኛም ያው ነው፤ ከእህል ውሃ የሚጾም ቅዳሜ ቅዳም ሹር ብቻ ነው። የእኛ ልዩነት ከበሮና ጸናጽል በሁዳዴ ሰንበትም አለመመለሳቸው ነው፤ የጾሙ ዜማ፣ ጾመ ድጓው፣ በመቋሚያ ብቻ ይዘለቃል። አንቺ ያለሽበት አገር ደግሞ ሠራተኛው የሚያርፈው አርብ ስለሆነ፣ ሕዝብ የሚሞላበት ቅዳሴ በአዘቦት ዜማ ላይ ይወድቃል። ቀዝቀዝ ያለብሽ ለዚህ ነው።

«ሜሪላንድ ጎረቤታችን ባለው የግብጾች ቤተ ክርስቲያን ሁለት ዲያቆናት በአንድ ዜማ ሲጨቃጨቁ አየሁ። አንዱ ካይሮ፣ አንዱ ላይኛው ግብጽ ነው ያደጉት። ትክክለኛው የማን ነው?»

የሁለቱም ቢሆንስ? የግብጽ ዜማ ለዘመናት በቃል ነው የወረደው፤ ያወረዱትም አብዛኞቹ ዓይነ ስውር መሪጌቶች ናቸው። ከነሱ ስመ ጥሩ ሚካኤል ጊርጊስ አል-በታኑኒ (1873–1957) ካይሮ ያስተምር ነበር። ራጊብ ሙፍታሕ የሚባል ባለጸጋ ይህ ሁሉ ዜማ ከመምህሩ ጋር እንዳይቀበር ሰጋ። እንግሊዛዊውን የሙዚቃ ሰው ኧርነስት ኒውላንድስሚዝን አስመጣና ናይል ላይ በቆመች የጀልባ ቤት አስቀመጠው። እስቲ አስቡት፤ ዓይነ ስውሩ መምህር እያዜመ፣ እንግሊዛዊው ቋንቋውን ሳያውቅ ከሥር ከሥር በኖታ ሲለቅም። ከ1928 እስከ 1936 ድረስ 16 ጥራዝ ወጣው። ሙፍታሕ ኋላ ድምፅ ወደ መቅረጽ ገባ፤ በ102 ዓመቱ በ2001 እስኪያርፍ ዕድሜውን የፈጀው በዚሁ ነው።

የተቀረጸው ግን በዋናነት የካይሮው ነው። ካሴቱ በየአገሩ ሲሰራጭ «ትክክለኛው» እሱ መሰለ። የላይኛው ግብጽ ልጅ ግን ከአያቱ የሰማውን ነው የሚያዜመው። እኛ የዜማችንን ስልቶች ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር እያልን ሁሉንም በክብር ይዘን የለ? የቆማን ሰው ተሳስተሃል የሚለው የለም። ዲያቆናቱ ለአንድ ቅዳሴ ይስማሙና ይምሩ እንጂ ሌላውን ስሕተት ማለቱ ጥሩ አይመስለኝም።

«በሰሞነ ሕማማት እብኖዲ ናይን እያልን እንሰግዳለን። ምን ማለት ነው? ግእዝ አይመስለኝም።»

ጥያቄዬ ሁሉ እንዲህ ቢሆን! ግእዝ አይደለም፤ ቅብጥኛ፣ የግብጽ ክርስቲያኖች የጥንት ቋንቋ ነው። እብኖዲ እግዚአብሔር ነው፤ «ናይ ናን» ደግሞ ማረን፣ እኛ አፍ ላይ «ናይን» ሆነ። ኪርያላይሶን፣ ታኦስና ትስቡጣ ከግሪክ ናቸው፤ አቤቱ ማረን፣ አምላክ፣ ጌታ። ግብጾችም ይህንኑ ጸሎት ካህኑ መስቀልና ሻማ ይዞ ሲቆም በረጅም ዜማ ይሉታል።

ዛሬ ግብጽ ቤተ ክርስቲያን ብትገቡ ግን የምትሰሙት «ኤፍኑቲ ናይ ናን» ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በፓትርያርክ ቄርሎስ 4ኛ ዘመን፣ የቅብጥኛው ንባብ ወደ ዘመኑ ግሪክኛ እንዲጠጋ ተደረገ። (አፄ ቴዎድሮስ ዘንድ መጥቶ የተያዘው ያው ቄርሎስ ነው።) ከዚያ በፊት አባቶቻቸው «ኤብኑዲ» ይሉ ነበር። በ«ብ» እና በ«ዲ»! የእኔ አያት በስቅለት ቀን መቁጠሪያዋን ይዛ፣ ግንባሯ አፈር ነክቶ ስትነሳ የምትለው «እብኖዲ» ከአሁኑ የካይሮ ንባብ ይልቅ ለጥንቱ የቀረበ ነው። ፊደል አልቆጠረችም፤ ቅብጥኛ የሚባል ቋንቋ መኖሩንም አታውቅም ነበር።

በሕማማት የምንለውን «ለከ ኃይል»ንም (ኃይል ለአንተ ነው) ጨምሩበት። ግብጾች በሕማማት በየሰዓቱ በዳዊት ፈንታ 12 ጊዜ የሚደግሙት ጸሎት እሱው ነው።

«እኛ መጻጉዕን ስናከብር ግብጾቹ ስለ ጠፋው ልጅ ያነባሉ። ጾሙ አንድ አይደለም እንዴ?»

ጾሙ አንድ ነው፤ 55 ቀን። የሰንበቶቹ ንባብ ነው የሚለያየው። መጻጉዕ ለእነሱ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ይመጣል። ሳምራዊቷ ሴትና ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው የየራሳቸው እሑድ አላቸው። ደብረ ዘይትና ገብር ኄር ደግሞ በእኛ አሉ፣ በእነሱ የሉም። ቅድስት ላይ ግን እንገናኛለን፤ ሁለታችንም «መዝገባችሁን በሰማይ» የሚለውን እናነባለን።

«የመጀመሪያው ሳምንት ለምን ጾመ ሕርቃል ይባላል? ግብጾችስ ያውቁታል?»

ያውቁታል፤ በእነሱም የሕርቃል ሳምንት ይባላል። ሕርቃል በ7ኛው ክፍለ ዘመን ፋርሶችን ድል አድርጎ መስቀሉን ወደ ኢየሩሳሌም የመለሰ የቢዛንታይን ንጉሥ ነው። ሳምንቱ የተጾመው ለእሱ ነው ይባላል። አስገራሚው ነገር፣ ይኸው ንጉሥ ኋላ ግብጾችን በሃይማኖት አሳዷቸዋል። ስሙ ግን ቀረ።

«ግብጾች በጾም ዓሣ ይበላሉ አሉ። እውነት?»

በገና፣ በሐዋርያትና በፍልሰታ ጾም አዎ። በሁዳዴ አይበሉም።