ጠይቁን፦ ለዳገት የሚሆን የጠመንጃ እግር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሕጋዊ ፈቃድ ያለኝ የኮምቦልቻ ሰው ነኝ። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ለአደንና ለዒላማ የሚሆን ባይፖድ (ጠመንጃ የሚያርፍበት ባለ ሁለት እግር ድጋፍ) ልግዛልህ አለኝ። አጭሩን ልዘዝ ወይስ ረጅሙን?

መልስ፦ ተኝተህ ነው ተቀምጠህ የምትተኩሰው? ለተኝቶ ተኩስ ከ15 እስከ 23 ሳንቲሜትር የሚረዝመው ይበቃሃል። ባጠረ ቁጥር መወዛወዙም ይቀንሳል። አደን ላይ ግን ሣሩ ይጋርድሃል። ተቀምጠህ ለመተኮስ እስከ 68 ሳንቲሜትር የሚደርሰው ይሻላል።

እኔ ብሆን ከቁመቱ ይልቅ ወደ ጎን ማዘንበል መቻሉን ነው የማየው። እኛ ጋ ሜዳ የት አለና! ጦሳ ዳገት ላይ ብታቆመው አንዱ እግር ሽቅብ፣ ሌላው ቁልቁል ነው። ጠመንጃው ከዘመመ ጥይቱም ወደዘመመበት ይሄዳል። ሃሪስ ከሚባለው ባይፖድ ሠሪ ምርቶች የሞዴል ስሙ በእንግሊዝኛው ኤስ (S) ፊደል የሚጀምረው ያዘነብላል፤ እግሮቹ ቢዘሙም ጠመንጃውን ቀጥ ታደርግበታለህ። ሌላው ድርቅ ያለ ነው። ከመግዛቱ በፊት ግን ጉምሩክን ጠይቅ።

አንዴ ባይፖዱን ጥቁር ድንጋይ ላይ ተክዬ ተኮስኩ። ጠመንጃው ነጠረና ጥይቱ ከዒላማው በላይ አለፈ። አሁን ከሥሩ ጋቢ አጥፌ አነጥፋለሁ። ባለቤቴ አትስማ እንጂ።