ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሳትቀመጡ አትፈርሙ

ትንሿን መኪና ሰጥተው፣ ልዩነቱን ጨምረው ትልቅ ኤስዩቪ፣ ማለትም ከመሬት ከፍ ያለ የቤተሰብ መኪና፣ ለመውሰድ የተነሡ ወገኖች በየጊዜው ያማክሩኛል። መነሻቸው አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ ሦስተኛ ልጅ ተወልዷል፣ ወይም እናት ከአገር ቤት ሊመጡ ነው። ምክንያቱ እውነተኛ ስለሆነ አላጣጥለውም። እኔም በዚሁ ምክንያት ተነሥቼ፣ ሳላሰላ ፈርሜ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ከፍያለሁ። እናንተ ላይ እንዲደገም አልፈልግም።

ትልቅ መኪና ሲባል ሁሉ ነገር አብሮ የሚሰፋ ይመስላል። ቶዮታ ራቭ ፎርንና ሃይላንደርን እንውሰድ። የ2020 ሞዴል ራቭ ፎር ርዝመቱ 4.6 ሜትር ያህል ሲሆን፣ የዚያው ዓመት ሃይላንደር 4.95 ሜትር ይደርሳል። አምራቹ ለአሜሪካ ገበያ ባወጣው ልክ ግን ራቭ ፎር ከኋላ ወንበሩ ጀርባ 1,060 ሊትር ያህል ዕቃ ይይዛል፤ ሃይላንደር ሦስተኛው የወንበር ረድፍ ሰው ሲቀመጥበት የሚተርፈው 450 ሊትር ገደማ ነው። ሰዉ ሲሞላ ሻንጣ የሚገባበት ቦታ ከትንሿ መኪና ግማሽ እንኳ አይሞላም ማለት ነው።

ይህን የተረዳሁት እናቴን ልቀበል አየር ማረፊያ በሄድኩ ቀን ነው። ሁለቱን ትልልቅ ሻንጣዎች ለማስገባት ሦስተኛውን ረድፍ አጠፍኩት፤ ረድፉ ሲታጠፍ ልጆቹ መቀመጫ አጡ። ባለቤቴ ሁለቱን ልጆች ይዛ በታክሲ ተከተለችን። እናቴ ደግሞ አንድ እጇን በበሩ እጀታ፣ ሌላውን በትከሻዬ ላይ አድርጋ እግሯን ሁለት ጊዜ አንሥታ መለሰችው። ጉልበቷ ከፍታውን አልቻለውም። ለእርሷ ብዬ የገዛሁት መኪና ነበር።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን ገንዘቡ ነው። ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ "በወር ስንት መክፈል ትችላላችሁ?" ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ አትመልሱ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ሦስት የተለያዩ ሂሳቦች ናቸው፦ የአሮጌው መኪናችሁ ዋጋ፣ የአዲሱ ዋጋ፣ የብድሩ ወለድና ዘመን። ሦስቱ በአንድ ወርሃዊ ቁጥር ሲጠቀለሉ በአንዱ የሰጧችሁን በሌላው ይወስዱባችኋል፤ እናንተም አታዩትም። ለምሳሌ 30 ሺህ ዶላር በ8 በመቶ ወለድ ተበድራችሁ በ60 ወር ብትከፍሉ የወሩ ክፍያ 608 ይሆናል። በ84 ወር ከሆነ ወደ 468 ይወርዳል፤ እፎይ ያሰኛል። ጠቅላላ ወለዱ ግን ከ6,500 ወደ 9,280 ገደማ ከፍ ይላል። ብድሩ ረጅም በሆነ ቁጥር ደግሞ የመኪናው ዋጋ ከዕዳው ቀድሞ ይወርዳል።

በተለይ የአሁኗ መኪናችሁ ዕዳ ካልተጠናቀቀ ተጠንቀቁ። ቀሪው ብድር 24 ሺህ ሆኖ መኪናዋ 19 ሺህ ብቻ ብታወጣ፣ 5 ሺህ ጎድሎባችኋል። "ችግር የለም፣ እኛ እንከፍለዋለን" ይሏችኋል። አይከፍሉትም፤ በአዲሱ ብድር ላይ ይጨምሩታል። ያስረከባችሁትን መኪና ዕዳ ከነወለዱ እየከፈላችሁ ትኖራላችሁ። አዲሱ በአደጋ ከጥቅም ውጪ ቢሆን፣ በተለመደው ውል ኢንሹራንስ የሚከፍለው መኪናው በዚያን ቀን የሚያወጣውን እንጂ የተበደራችሁትን አይደለም። እንዲህ ያለ ጉድለት ካለባችሁ እስኪዘጋ ድረስ አትለውጡ፤ ይህን ያለ ምንም ማመንታት ነው የምለው።

ጎማና ኢንሹራንስም ብዙውን ጊዜ ይጨምራሉ፤ ፊርማው ከደረቀ በኋላ ሳይሆን ከፊርማው በፊት ዋጋቸውን ጠይቁ። በነዳጅ በኩል ግን መልካም ዜና አለ። በአሜሪካ ይፋዊ መለኪያ የ2020 የቤንዚኑ ራቭ ፎር በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ያህል ሲፈጅ፣ የዚያው ዓመት ሃይላንደር ሃይብሪድ (በቤንዚንና በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራው) 7 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። መጠን ከጨመራችሁ ሃይብሪዱን አስቡበት፤ ሁለት ሦስት ዓመት ያገለገለ ብታገኙ ደግሞ የመጀመሪያውን ትልቅ የዋጋ ቅናሽ ሌላ ሰው ተሸክሞላችኋል።

ከመሄዳችሁ በፊት የአሮጌዋን ዋጋ ከሦስት ቦታ፣ የብድሩን ወለድ ከራሳችሁ ባንክ በጽሑፍ ያዙ። ስትሄዱ ልጆቹን፣ የልጅ ወንበሮቹንና ባዶ ሻንጣዎችን ይዛችሁ ሂዱ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ራሳችሁ ግቡና ሩብ ሰዓት ተቀመጡ።

በቅርቡ ሦስተኛ ልጅ የወለዱ ባልና ሚስት መኪናቸውን በትልቅ ሊለውጡ ሲዘጋጁ፣ በመጀመሪያ በያዟት መኪና ላይ እንሞክር አልኳቸው። ሰፋፊዎቹን የልጅ ወንበሮች አውጥተን ሦስት ጠባቦች ጎን ለጎን አሰርን። አባትየው በሩን ቀስ አድርጎ ገፋው፤ ተዘጋ። ከፍቶ እንደገና ዘጋው። ለቅድሚያ ክፍያ ያስቀመጡት ገንዘብ እስከ ዛሬ ባንክ ውስጥ ነው።