«ቀጥ በል» ከማለታችን በፊት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ብዙ ዓመት ስፖርት አስተምሬያለሁ። ወገቤ የተያዘው ግን ሜዳ ላይ አይደለም። አንድ ጠዋት ግማሽ ኩንታል ገብስ ከባጃጅ ሳወርድ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰውነቴን እንደ አዲስ መማር ያዝኩ። ሰሞኑን «ስለ አቀማመጥ፣ ስለ አረማመድ፣ ስለ ወገብ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደብኝ። የተደጋገሙትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ስልኩ ላይ ጎብጦ ይውላል። «ቀጥ በል» ስል ምላሴ ደከመ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን ቃል ተይው። እስቲ አሁን አንቺ ቀጥ በይ። ምን አደረግሽ? ደረትሽን ነፋሽ፣ ወገብሽን ወደ ውስጥ ሰበርሽ፣ ትንፋሽሽን ያዝሽ። ይህን ሁለት ደቂቃ የሚችል ሰው የለም። ልጁም ይሞክረዋል፣ ይደክመዋል፣ ተመልሶ ይጎብጣል። የሰው ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ወደ ፊት ባዘነበለ ቁጥር የአንገት ጡንቻ እሱን ለመያዝ ይለፋል። ስለዚህ ክርኑን ትራስ ላይ ያሳርፍና ስልኩን ከፍ ያድርግ። ከዚህ የሚበልጠው ግን ቶሎ ቶሎ ማስነሳት ነው። ሱቅ ላኪው፣ ውሃ አስቀጂው። መጥፎ አቀማመጥ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ሳይለወጥ የቆየ አቀማመጥ ነው።

ጥያቄ፦ «ሰውነትን ማወቅ» ትላለህ። የራሴን ሰውነት የማላውቅ ይመስልሃል?

መልስ፦ ዓይንህን ጨፍን። ጣትህን አፍንጫህ ጫፍ ላይ አሳርፍ። አገኘኸው አይደል? ማን አሳየህ? በጡንቻ፣ በጅማትና በመገጣጠሚያ ውስጥ ያሉ ስሜት ተቀባዮች ናቸው። እጅህ የት እንዳለ ለአንጎልህ ይነግሩታል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ሸሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1906 ፕሮፕሪዮሴፕሽን ብሎ ስም አወጣለት።

ችግሩ ይህ ስሜት ልማድ ያታልለዋል። አሥር ዓመት አንድ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ የኖረ ሰው፣ ትከሻውን ብታስተካክልለት «አጣመምከኝ» ይልሃል። በዚህ ነገር የሚታወቀው ፍሬደሪክ አሌክሳንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 በአውስትራሊያዋ ደሴት ታዝማኒያ የተወለደ፣ መድረክ ላይ የሚተርክ ሰው ነበር። ድምፁ እየጠፋ አስቸገረው። ሐኪም እረፍት አዘዘለት። ተመልሶ መድረክ ሲወጣ ድምፁ ያው ጠፋ። ታዲያ መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን ሲያወራ ተመለከተ። አፉን ሲከፍት አንገቱን ወደ ኋላ ይሰብራል፣ አየር በአፉ ይስባል። አስተካከልኩ ብሎ ሞከረ። ተጨማሪ መስታወት ሲያቆም ግን ያንኑ ስህተት እየሠራ ነበር፤ እንዲያውም ብሶበታል። እኔን የያዘኝ እዚህ ላይ ነው። ያደረገ የመሰለውንና ያደረገውን መስታወቱ ለየለት። አንተ መስታወት ባታገኝ ስልክ አለህ። ጓደኛህ ሳታውቅ ስትራመድ ይቅረጽህ። ደንግጠህ ትስቃለህ።

ጥያቄ፦ ዲያቆን ነኝ። ማሕሌት ቆመን ስናድር ወገቤ ይቆረጣል። ሽማግሌዎቹ ግን ምንም አይሆኑም። እንዴት ነው?

መልስ፦ ሽማግሌዎቹን ከወገብ በታች እያቸው። መሪጌታው መቋሚያውን ብብቱ ሥር አድርጎ ይደገፋል። ጉልበቱ አልተገተረም። ትንሽ ቆይቶ ክብደቱን ወደ ግራ ያሳልፋል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። ዝማሜው ሲመጣ መላ አካሉ ይወዛወዛል። ወጣቱ ግን ጉልበቱን እንደ ምሰሶ ገትሮ ይቆማል፤ ጭነቱ ሁሉ ወገቡ ላይ ይወርዳል። ዛሬ ማታ ጉልበትህን ብቻ ላላ አድርገህ ቁም። ሌላ ምንም አትለውጥ። መቋሚያውም ለጌጥ እንዳይመስልህ፣ ተደገፈው።

ጥያቄ፦ ትከሻዬ ሁልጊዜ ይከብደኛል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ የት ነህ? ደብረ ብርሃን ከሆንክ ግማሹ መልስ ብርዱ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። የእኛ ሰው ከጥቅምት እስከ ጥር ትከሻውን ከጆሮው አያወርድም! መጀመሪያ ጋቢህን ደርብ። ሞቆህም ትከሻህ ካልወረደ ያኔ እናወራለን።

ጥያቄ፦ በባዶ እግር መሄድ ተፈጥሯዊ ነው ይባላል። አበበ ቢቂላም በባዶ እግሩ ነው ያሸነፈው።

መልስ፦ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሷል። ግን አበበ የሸዋ ገጠር ልጅ ነው። እግሩ ከልጅነቱ መሬቱን ያውቀዋል። አንተ ሃያ ዓመት ጫማ ያደረገውን እግርህን ነገ አስፋልት ላይ ብታወጣው ተረከዝህ ያለቅሳል። ደግሞ አንድ ነገር አለ። በደጋው ቀይ አፈር ለረጅም ጊዜ ያለ ጫማ መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን የእግር እብጠት ያመጣል። ይህ በእኛም አካባቢ ያለ በሽታ ነው። ስለዚህ ውጭ ስትወጣ ጫማ አድርግ፣ እግርህንም ታጠብ። ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ግን ባዶ እግርህን ሆነህ ቀስ ብለህ ተራመድ። ተረከዙ፣ የእግሩ ጎን፣ አውራ ጣቱ በየተራ ሲያርፉ ይሰማህ። አሥር እርምጃ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከመንዝ ነኝ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በጀርባዋ ውሃ ተሸክማለች። የኬንያ ሴቶች ሸክም አይከብዳቸውም የሚባለውስ?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ጥናት አለ። ከልጅነታቸው የለመዱ የሉኦና የኪኩዩ ሴቶች ከክብደታቸው እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ሸክም ሲሸከሙ የሚያወጡት ጉልበት እምብዛም አልጨመረም። የሉኦዎቹ በራሳቸው አናት፣ የኪኩዩዎቹ ግንባራቸው ላይ በሚውል ማሰሪያ ነው። ሃምሳ ኪሎ ለምትመዝን ሴት ይህ አሥር ኪሎ ብቻ ነው። የእናትሽ ጀሪካን ደግሞ ሃያ ሊትር፣ ማለትም ሃያ ኪሎ ነው። አቀበቱን ጨምሪበት። ስለዚህ «አቋቋሟን ታስተካክል» ብዬ አልቀልድም። ሁለት ጊዜ በትንሽ ጀሪካን መመላለስ ይሻላል። ሲጫንላትም ሲወርድላትም ሰው ያግዛት። አህያ ካለ ደግሞ አህያው ይሸከም።

ጥያቄ፦ ልምምዱ ምንድን ነው? ስንት ጊዜ ይፈጃል?

መልስ፦ ከበርጩማ መነሳት። እየቀለድኩ አይደለም። በርጩማ ላይ ቁጭ በሉ። «ልነሳ» ብላችሁ አስቡ፣ ግን አትነሱ። ምን ሆነ? አገጫችሁ ወደ ላይ ተሰበቀ፣ አንገታችሁ አጠረ፣ እጃችሁ ጉልበታችሁን ፈለገ። ገና ሳትነሱ! ለሦስት ቀን ይህን ብቻ ያዙ። በአራተኛው ቀን አንገታችሁን ልቀቁት። ከዳሌ መታጠፊያችሁ ወደ ፊት ዘንበል በሉ። ከተኛበት የሚነሳ በሬ አይታችኋል? ራሱን ወደ ፊት ይወረውርና ክብደቱን ወደ ፊት ያሳልፋል። ከዚያ የኋላው ቀልሎት ቀድሞ ይነሳል። እናንተም ክብደቱ እግራችሁ ላይ ሲያርፍ መቀመጫችሁ በራሱ ይነሳል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ እንግሊዝ ውስጥ ወገባቸውን የቆየ ሕመም በያዛቸው 579 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቷል። የተለመደውን ሕክምና ብቻ ያገኙት ከአራት ሳምንት ውስጥ 21 ቀን ያማቸው ነበር። ያ ባለመስታወቱ አሌክሳንደር ያወጣውን የሰውነት አያያዝ ትምህርት 24 ጊዜ የወሰዱት ከዓመት በኋላ ወደ 3 ቀን ወረዱ። ስድስት ትምህርት ብቻ የወሰዱትም ተሽሏቸዋል፣ ያን ያህል ባይሆንም። እኛ ዘንድ ያን የሚያስተምር ሰው እኔ አላገኘሁም። በርጩማ ግን በየቤቱ አለ።

ጥያቄ፦ እኔ 67 ዓመቴ ነው። ወገቤን ያመኛል፣ አንድ እግሬም ይደነዝዛል። ወጌሻ ዘንድ ልሂድ ወይስ ይህን ልሞክር?

መልስ፦ አባቴ፣ ሁለቱንም ይተዉትና ሆስፒታል ይሂዱ። እግር ሲደነዝዝ ወይም ሲዝል፣ ሌሊት የማያስተኛ ሕመም ሲኖር፣ ትኩሳት ወይም ክሳት ሲጨመርበት ሐኪም ማየት አለበት። የአከርካሪ ቲቢም አገራችን ውስጥ አለ። ሽንት መቆጣጠር ካስቸገረዎት ደግሞ ለነገ አይበሉት፣ ዛሬውኑ ይሂዱ። ለወገብዎ ወጌሻ እንዳይነካዎት አደራ።

ጥያቄ፦ የአንተ ወገብ ግን ዳነ?

መልስ፦ ገብስ አሁንም አወርዳለሁ፣ በግማሽ በግማሹ። ትናንት ቡና እየጠጣን ይህንኑ መልስ ስጽፍ ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝና «ትከሻህ» አለች። ጆሮዬ ሥር ነበር።