ራዳርን እንደ ፎቶ አትዩት

በሐምሌ ወር ከአራት ኪሎ ሆናችሁ ወደ ሰሜን ብታዩ ብዙ ጊዜ እንጦጦን አታገኙትም። ደመናው ውጦታል። ከላይ ሆኖ ፎቶ የሚያነሳው ሳተላይትም ከእናንተ አይሻልም፤ ነጭ ደመና አንስቶ ይመለሳል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ያመጠቅናት የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ከዚህ ወገን ናት። የፀሐይ ብርሃን ትፈልጋለች፣ ደመና ይጋርዳታል። ክፋቱ፣ እኛ መረጃ አጥብቀን የምንፈልገው በክረምት ነው። ጤፉ የሚበቅለው፣ አዋሽ ከዳር የሚወጣው፣ ገደሉ የሚናደው ያኔ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ወደ ሳተላይት ራዳር ስትመጡ ደስ ይለኛል። ፒያሳ ቡና እየጠጣን ላፕቶፕ ከፍተው ሥራቸውን የሚያሳዩኝ ልጆች አሉ። ካርታው ያምራል። «ይሄ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?» ስል ግን «ሶፍትዌሩ ነው ያወጣው» የሚል መልስ ይመጣል። ይህን የምጽፍላችሁ በዚህ መልስ ስለማልስማማ ነው።

እኔ የአየር ፎቶ በስቴሪዮስኮፕ እያየሁ ያደግኩ ባለሙያ ነኝ። ፎቶ ላይ ጥቁሩ ጥላ፣ አረንጓዴው ዛፍ ነው ብሎ መገመት ያስኬዳል። ራዳር ላይ ይህ ልማድ ገደል ይከታል። ራዳር የፀሐይን ብርሃን አይጠብቅም። የራሱን የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፣ የተመለሰለትን ይለካል። ሌሊትም ደመናም የማይበግሩት ለዚህ ነው። ምስሉ ላይ የምታዩት ድምቀት ቀለም አይደለም። ምን ያህሉ ሞገድ ወደ ሳተላይቱ እንደተመለሰ የሚናገር ቁጥር ነው። ይህን ደግሞ የሚወስኑት የመሬቱ ሸካራነት፣ የነገሩ ቅርፅና በውስጡ ያለው እርጥበት ናቸው።

ማታ በዝናብ ቸርችል ጎዳናን በመኪና የወረደ ሰው ይገባዋል። ውሃ የተኛበት አስፋልት በመኪናው መብራት ፊት ጥቁር ነው። ብርሃኑ ወደ ፊት ተንሸራትቶ ሄደ እንጂ ወደ ሹፌሩ አልተመለሰም። ራዳርም ወደ ጎን አዘንብሎ ስለሚያይ ዝም ያለ ውሃ ይጠቁርበታል። ከተማ ግን ይደምቃል። ሞገዱ መሬቱን መትቶ ግድግዳ ያገኛል፣ ከዚያ በመጣበት ይመለሳል። ግድግዳው ፊቱን ወደ ሳተላይቱ ካላዞረ ድምቀቱ ይቀንሳል። አንዱ ሰፈር ከሌላው ደምቆ ቢታያችሁ ቤቱ በዝቷል ብላችሁ አትቸኩሉ፤ መንገዱ ወዴት እንደተዘረጋ እዩ።

አሁን ወደዚያ ጥቁር ነገር ልመለስ። የጎርፍ ካርታ ለመሥራት ብዙዎቻችሁ አንድ ቁጥር ትመርጡና ከእሱ በታች ያለውን ሁሉ ውሃ ትሉታላችሁ። እንዲህ ከሆነ የቦሌ ማኮብኮቢያም በጎርፍ ተጥለቅልቋል! ለስላሳ አስፋልት፣ ደረቅ አሸዋ፣ ከተራራ ጀርባ ያለ የራዳር ጥላ፣ ሁሉም ጥቁር ናቸው። በተቃራኒው ንፋስ ያናወጠው ሐይቅ ሊደምቅ ይችላል። በቤቶች መካከል የገባ ጎርፍም አንዳንዴ ከበፊቱ አድምቆ ያሳያል። ስለዚህ ከጎርፉ በፊት የተነሳ ምስል ፈልጉ። በዚያው ምህዋር፣ በዚያው አቅጣጫ የተነሳ ይሁን። ከዚያ የተለወጠውን ብቻ ጠይቁ።

የሞገድ ርዝመትንም ችላ አትበሉ። የአውሮፓው የራዳር ሳተላይት ሴንቲነል-1 የሚጠቀመው 5.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ሲያገኝ አብዛኛው ከቅጠሉና ከቀጫጭን ቅርንጫፉ ላይ ይመለሳል። አሜሪካና ህንድ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ያመጠቁት ኒሳር 24 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሞገድም አለው። ይሄኛው ቅጠሉን አልፎ ግንዱ ጋ ይደርሳል። ስለ ደን የምትሠሩ ከሆነ ምርጫችሁ እዚህ ላይ ያልቃል።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። የሴንቲነል-1 አንቴና 12 ሜትር ገደማ ነው። ከ700 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ፣ በዚህ አንቴና ብቻ ቢታይ፣ የምስሉ አንዷ ነጥብ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ትሰፋለች። ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ያለው ሁሉ በአንድ ነጥብ ተጠቅልሎ ሊቀር ነው። ካርል ዋይሊ የተባለው አሜሪካዊ በ1943 ዓ.ም. መፍትሔውን አሰበ። ሳተላይቱ እየተጓዘ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ያየዋል። በመንገዱ ላይ የለቀመውን ሁሉ በሒሳብ ካገጣጠሙት፣ አንቴናው ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም ያህል ይሆናል። ዛሬ የምታወርዱት ምስል በሳተላይቱ የጉዞ አቅጣጫ እስከ 20 ሜትር የሚለየው በዚህ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ «ይሄ ምን ያደርግልኛል?» እያላችሁ ያለፋችሁት ኮምፕሌክስ ነምበር እዚህ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

ያ ሒሳብ ሌላም በር ይከፍታል። ራዳር የሞገዱን ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ፌዙንም (phase)፣ ማለትም ሞገዱ ሲመለስ በዑደቱ የትኛው ነጥብ ላይ እንደነበረ፣ ይመዘግባል። ከአንድ ምህዋር በተለያየ ቀን የተነሱ ሁለት ምስሎችን ፌዝ አንዱን ከሌላው ብትቀንሱ መሬቱ በመሃሉ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ይወጣል። ልዩነቱ በቀለም ሲሳል፣ በሴንቲነል-1 አንድ የቀለም ዙር 2.8 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ ዘዴ ታላቅ ሥራ ከሠራባቸው ቦታዎች አንዱ የእኛው አፋር ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርዝመት ቅልጥ አለት ከሥር ገብቶ መሬቱን ሰነጠቀው። ኤንቪሳት በተባለው ሳተላይት መረጃ ሲሰላ፣ ክፍተቱ እስከ 8 ሜትር ደርሷል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያሉትን ሲያስደነግጥ፣ ከሥር ቅልጥ አለት እየተገፋ መሆኑን በሴንቲነል-1 ምስል ማየት ተችሏል።

ግን ቀለም ያየ ሁሉ እንቅስቃሴ አገኘ ማለት አይደለም። በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ሞገዱን ያዘገየዋል፤ ይህም መሬት የተንቀሳቀሰ ያስመስላል። በተለይ የቀለሙ ቅርፅ የተራራውን ቅርፅ ከተከተለ ጠርጥሩ። ማሳና ደን በሁለቱ ቀናት መካከል ስለሚለወጡ ምልክቱ ይበጠበጣል፤ ሕንፃና አለት ይሻላሉ። ደግሞም የምትለኩት ወደ ሳተላይቱ የሚቀርበውንና ከእሱ የሚርቀውን ብቻ ነው። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የሄደ መሬት ከሞላ ጎደል ያመልጣችኋል። ሪፖርታችሁ ላይ «መሬቱ በዚህ ያህል ሰመጠ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ይህን አስቡ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ዘንድ ከሚመጡት ሪፖርቶች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይወድቃሉ።

ለጀማሪ የምሰጠው የቤት ሥራ አለኝ። መረጃው ኮፐርኒከስ ከተባለው የአውሮፓ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ ፋይሉ ከባድ ስለሆነ በሌሊት ፓኬጅ አውርዱት። ስናፕ የሚባለው ሶፍትዌርም ነፃ ነው። ሴንቲነል-1 በእኛ ላይ የሚያልፈው ከጠዋቱና ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ከሁለቱም አንዳንድ ምስል ያዙና ሰንጋ ተራ ያለውን የንግድ ባንክ ሕንፃ ፈልጉ። ቁመቱ 209 ሜትር ነው። የሕንፃው አናት ከእግሩ ይልቅ ለሳተላይቱ ስለሚቀርብ ሞገዱ ቀድሞ ይመለሳል፤ ምስሉ ላይ ሕንፃው ወደ ሳተላይቱ የተኛ ይመስላል። በምሽቱ ምስል ወደ ምዕራብ፣ በጠዋቱ ወደ ምሥራቅ ይተኛል። በከፍታ ሞዴል (የየቦታውን የመሬት ከፍታ በያዘ ካርታ) የሚደረገው ማስተካከያ ይህን አያቃናላችሁም። አብዛኞቻችሁ የምትጠቀሙበት ሞዴል በየካቲት 1992 ዓ.ም. ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካ ነው፤ ያኔ ሕንፃው አልነበረም።

የተኛበትን ርዝመት ለኩ። 209ን ለእሱ ስታካፍሉ፣ ሞገዱ ከቋሚ መስመር ያዘነበለበትን ማዕዘን ታንጀንት ታገኛላችሁ። 300 ሜትር ገደማ ከሆነ ማዕዘኑ 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። መልሳችሁ ከ29 እስከ 46 ዲግሪ መሃል ካልወጣ የሕንፃውን እግር አልያዛችሁትም። ከሰው አትጠይቁ፤ ሰንጋ ተራ ውረዱና በእግራችሁ ዙሩት።